ውሃ የማይፈራ አነስተኛ የእጅ ሰዓት ለመምረጥ፦ አራት ሰዓቶች በወሎ ኑሮ ሲመዘኑ

በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ሱቆች የሚደረደሩት የእጅ ሰዓቶች ከዓመት ወደ ዓመት እየገዘፉ መጥተዋል። ከመስታወቱ ኋላ ጎልተው የሚታዩት ፊታቸው የሰፋ፣ ጠርዛቸው የወፈረ፣ በትንንሽ ክቦች የተሞሉ ሰዓቶች ናቸው። እጁ ቀጭን የሆነ፣ ሰዓቱ ከሸሚዙ እጅጌ ሥር እንዲገባለት የሚሻ፣ ሲታጠብም ሆነ ዝናብ ሲመታው እንዳያሳስበው የሚፈልግ ገዢ ግን የሚፈልገውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሻጩ ከመደርደሪያው ታች ፈልጎ ሲያወጣለት ነው። ይህ ግምገማ የተጻፈው ለዚህ ገዢ ነው። የምመለከታቸው አራት ሰዓቶች ካሲዮ ኤፍ-91 ደብልዩ፣ ካሲዮ ኤም ኪው-24፣ ካሲዮ ደብልዩ-800 ኤች እና ሲቲዝን ቢ ኤም 8180 ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹን ራሴ አስሬ ሥራ ውዬባቸዋለሁ፣ ሌሎቹን ደግሞ በቤተሰቤ እጅ ላይ ሆነው ሲያገለግሉ በቅርብ ተመልክቻለሁ።

ብዙ ገዢ የሰዓትን ውሃ መቋቋም የሚለካው በፊቱ ላይ በተጻፈው የሜትር ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ዋጋ የለውም አልልም፤ ነገር ግን በየቀኑ ለሚታሰር ሰዓት ከቁጥሩ እኩል፣ አንዳንዴም ከቁጥሩ ይልቅ የሚመዝኑ ሁለት ጥያቄዎች እንዳሉ አምናለሁ። አንደኛው የሰዓቱ የኋላ ክዳን በስንት ዓመት አንድ ጊዜ መከፈት አለበት የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰዓቱ ከእጅ ላይ በቀላሉ ይወልቃል ወይ የሚለው ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ አስቀድሞ ግን ስለ ቁጥሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

በሰዓት ላይ 30 ሜትር ተብሎ ሲጻፍ፣ አዲሱ ሰዓት በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ የረጋ ውሃ የሚያሳድረውን ግፊት፣ ማለትም 3 ባር ገደማ ተቋቁሟል ለማለት ነው። ውሃ በየ10 ሜትሩ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይጨምራል፤ የሜትሩ ቁጥርም የመጣው ከዚህ ስሌት ነው። ሰዓቶች ውሃ ይቋቋማሉ ለመባል የሚመሩበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ ኤስ ኦ 22810 ሲሆን፣ በውሃ ውስጥ ጠልቀው ለሚሠሩ ሰዎች የሚዘጋጁት ሰዓቶች የሚፈተኑት አይ ኤስ ኦ 6425 በተባለው ሌላና ጥብቅ ደረጃ ነው። በኑሮ ሲተረጎም፣ ቁጥር ሳይኖረው ውሃ ይቋቋማል የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለበት ወይም 30 ሜትር የተባለ ሰዓት ላብን፣ ካፊያን፣ እጅ መታጠብን ይችላል፤ 50 ሜትር የተባለው አጭር ዋና ይጨምራል፤ 100 ሜትር የተባለውን አስሮ ደግሞ በነፃነት መዋኘት ይቻላል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ 100 ሜትር የተጻፈበትን ሰዓት ያሰረ ወጣት በዳርቻው እንደ ልቡ ይዋኝበት እንጂ ቁጥሩን አምኖ ወደ ታች ልጥለቅ ማለት የለበትም።

ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ አዲስ ሰዓትና ስለ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነው። የእኛ ቤት ውሃ ግን ሳሙና አለበት። ሳሙና ውሃን ስለሚያሳሳው በጠባብ ክፍተት ለመግባት ይቀለዋል፤ በተጨማሪም ክዳኑን አጥብቆ የሚይዘውን ቀጭን የጎማ ቀለበት ከጊዜ ብዛት ያደርቀዋል። ሙቅ ውሃ ከዚህ የከፋ ነው። ብረቱ፣ ፕላስቲኩና ጎማው በሙቀት የሚለጠጡበት መጠን የተለያየ ስለሆነ መጋጠሚያቸው ይላላል፤ በሰዓቱ ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ከወጣ በኋላ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከውጭ ያለውን እርጥበት ስቦ ያስገባል። በሙቅ ውሃ ገላ ሲታጠቡ ሰዓትን አለማውለቅ፣ ቁጥሩ 100 ቢሆንም እንኳ፣ ሰዓቱን ያለ ዕድሜው መጨረስ ነው። ሰዓቶች በክረምት ዝናብ ከሚበላሹት ይልቅ በመታጠቢያ ቤት እንፋሎት የሚበላሹት ይበልጣሉ ብዬ አስባለሁ።

የወሎን ኑሮ በተመለከተ በብዙ የውጭ አገር ግምገማዎች ውስጥ የማይገኝ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ውዱእ ነው። በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሰው እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ይታጠባል፤ ውሃውም ከሰዓቱ ሥር ያለውን ቆዳ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ሰዓቱ በቂ ሆኖ ካልላላ መውለቅ አለበት፤ ወይም ወደ ላይ ወደ ታች ተንቀሳቅሶ ውሃው እንዲያልፍ ይደረጋል። ይህን በቀን አምስት ጊዜ፣ በወር መቶ ሃምሳ ጊዜ የሚያደርግ ሰው ስለ ማሰሪያው ከማንም በላይ መጨነቅ ይገባዋል። በመስጊድ የመታጠቢያ ቦታ ግንብ ላይ የተረሳ ሰዓት ያላየ የለም፤ ሰዓቱ ውሃ የሚቋቋም ቢሆንም ማሰሪያው ለማውለቅም ሆነ መልሶ ለማሰር አስቸጋሪ ከሆነ ሰውየው አውልቆ ከጎኑ ያስቀምጠዋል፣ ተነሥቶም ይሄዳል። ዘለበት ያለው የፕላስቲክ ማሰሪያ ሁልጊዜ በአንዱ ቀዳዳ ላይ ስለሚታጠፍ በዚያው ቦታ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ለዚህ አገልግሎት ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት መቆለፊያው በአንድ ጣት የሚፈታና ተመልሶ የሚቆለፍ የብረት ማሰሪያ ወይም ሳይፈታ ወደ ክርን ከፍ የሚል የሚለጠጥ ማሰሪያ ነው። የብረት ማሰሪያ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ መጋጠሚያው ሸካራ ከሆነ የክንድ ጸጉር ይነቅላል፣ የጋቢን ክርም ይስባል። ከመግዛትዎ በፊት የሱቁ ሰው እየጠበቀም ቢሆን ማሰሪያውን በሹራብ ወይም በነጠላ ጠርዝ ላይ አሽተው ይመልከቱት፤ ክር ከያዘ ይተዉት።

ስለ መጠን ሳነሣ፣ ትንሽ ሰዓት የሴት ነው የሚለው አስተያየት በእኛ ዘንድ እስካሁን እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በፊት አባቶቻችን ያስሩ የነበሩት ሰዓቶች ስፋታቸው ከ34 እስከ 36 ሚሊ ሜትር የሚደርስ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ክንድዎን በክር ከብበው ክሩን በማስመሪያ ይለኩት። ዙሪያው ከ15 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከ33 እስከ 38 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ሰዓት ያለ ችግር ይቀመጥበታል። ከስፋቱ በላይ ልብ መባል ያለበት ግን ከላይ እስከ ታች ያለው ርዝመት ነው፤ የማሰሪያው መያዣ ጫፎች ከክንዱ ጠርዝ ካለፉ ሰዓቱ ይንጠለጠላል፣ በበርና በጠረጴዛም ይመታል። ውፍረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ይገባል፤ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በጦሳ ሥር ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሹራብና ኮት ደርቦ የሚወጣ ሰው ይህንን ልዩነት በየቀኑ ያየዋል።

አሁን ወደ ሰዓቶቹ ልግባ። ካሲዮ ኤፍ-91 ደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ዛሬም በብዛት ከሚሸጡት ሰዓቶች አንዱ ነው። ርዝመቱ 38.2፣ ስፋቱ 35.2፣ ውፍረቱ 8.5 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ 21 ግራም ብቻ ነው። ሰዓቱን ካሰሩት በኋላ መኖሩ ይረሳል፤ በእንቅልፍ ጊዜ እንኳ አይከብድም። ባትሪው እንደ አምራቹ ግምት 7 ዓመት ያህል ይሠራል፤ በወር ከ30 ሰከንድ በላይ አይፈጥንም አይዘገይም ተብሎም ነው የተሠራው። ፊቱ ላይ ውሃ ይቋቋማል የሚል ጽሑፍ ብቻ እንጂ የሜትር ቁጥር የለበትም። ይህም ማለት ለዝናብ፣ ለእጅ መታጠብና ለውዱእ ይበቃል፤ ለዋና ግን አልመክረውም፣ በውሃ ውስጥ ሆኖ ቁልፎቹን መጫንም ፈጽሞ አይገባም። የሚጠቅመው ትልቁ ነገር ከቁጥሩ ይልቅ ያ የ7 ዓመት ባትሪ ነው፤ የኋላ ክዳኑ በፋብሪካ በአራት ትንንሽ ብሎኖች ከታሰረ ጀምሮ ለዓመታት ሳይነካ ይቆያልና።

መብራቱ ደካማ ነው። በግራ በኩል ያለች አነስተኛ አረንጓዴ መብራት የቁጥሮቹን አንድ ጎን ታበራለች፣ ሌላው ጎን ደብዘዝ ይላል፤ ለሱሑር የሚነሣ ወይም ለሰዓታት ጸሎት በሌሊት የሚወጣ ሰው ዓይኑን አጥብቦ ማየት ይኖርበታል። ሆኖም ሰዓቱ ይነበባል። ማሰሪያው ከሰዓቱ አካል ጋር የሚገጥምበት ቅርጽ የራሱ ስለሆነ በማንኛውም ማሰሪያ አይተካም፤ ስለዚህ ሰዓቱን ሲገዙ ትርፍ ማሰሪያ ካለ አብሮ መግዛት ብልህነት ነው።

ይህን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ለሚሞላ ሰው አንድ ጠቃሚ ነገር ልናገር፤ ብዙዎች በዚህ ተቸግረው አይቻለሁና። ዲጂታል ሰዓት ሁለቱን 12 ሰዓቶች የሚለየው በሁለተኛው ላይ በሚያወጣው የከሰዓት ምልክት (PM) ነው፤ ቀኑን የሚቀይረውም በራሱ የእኩለ ሌሊት 12 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 1 ሰዓትን ሲሞሉ የከሰዓት ምልክቱ እንዳይኖር ካደረጉ፣ ሰዓቱ ዕለቱንና ቀኑን የሚቀይረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ይህም ቀን በንጋት ይጀምራል ከምንለው አነጋገር ጋር ይስማማል። የከሰዓት ምልክቱ ኖሮ ከሞሉት ግን ዕለቱ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይቀየርና ማታውን ሙሉ የነገውን ዕለት ሲያሳይ ያድራል። ደወሉንም በዚሁ መሠረት መሙላት ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው አሠራር ለሌሊት 11 ሰዓት የሚነሣ ሰው ደወሉን 11 ሰዓት ከከሰዓት ምልክቱ ጋር ይሞላዋል፣ ያለ ምልክቱ ከሞላው የሚጮኸው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። የቀኝ ቁልፉ ሲጫን ሰዓቱ ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚዞር፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ 13 የሚል ቁጥር ካዩ ሰዓቱ ተበላሸ ብለው ወደ ጠጋኝ አይሮጡ፤ ቁልፉን አንድ ጊዜ መልሰው መጫን ብቻ በቂ ነው። የወሩ ቀን ግን ከእኛ 30 ቀንና ከጳጉሜን ጋር መቼም ስለማይገጥም፣ ለእርሱ ባይደክሙ ይሻላል፤ የሚያገለግለው የሳምንቱ ዕለት ነው።

የዚህ ሰዓት ትልቁ አደጋ አስመስሎ የተሠራው ነው። በየገበያው፣ የባቲን የሰኞ ገበያ ጨምሮ፣ በጨርቅ ላይ ተደርድረው ከሚሸጡት መካከል ከእውነተኛው ለመለየት የሚያስቸግሩ አሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሲበዛ የሚጎድላቸው በትክክል ያ የጎማ ቀለበት ነው። ለእውነተኛው ሰዓት ቀላል መፈተሻ አለው፦ በቀኝ በኩል ያለችውን ቁልፍ ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ በመስኮቱ ላይ የድርጅቱ ስም፣ ካሲዮ የሚለው፣ በላቲን ፊደል ይወጣል። ካልወጣ ሰዓቱን መልሰው ለሻጩ ይስጡት። ስሙ መውጣቱ ብቻውን ሙሉ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የፊቱን ጽሑፎች በብርሃን ይመልከቱ፣ ፊደሎቹ ከተንጋደዱ፣ የኋላው ብረት ላይ ያለው ጽሑፍም ሲነኩት የሚደበዝዝ ከሆነ ጥርጣሬው ትክክል ነው።

ካሲዮ ኤም ኪው-24 የዚህ ሰዓት ባለ ቆጣሪ ወንድም ሊባል ይችላል፤ ባለ ቆጣሪ ስል ሰዓቱን በሚዞሩ ዘንጎች የሚያሳየውን ማለቴ ነው። ውፍረቱ 7.8 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 20 ግራም ሲሆን፣ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ቁጥሮቹ ተለይተው ስለሚታዩ በዕድሜ የገፉ ሰዎች እንኳ ያለ መነጽር ያነቡታል። የቀን መስኮት የለውም፤ ይህንን እንደ ጉድለት ሳይሆን ለእኛ አቆጣጠር እንደ ተመቸ አሠራር አየዋለሁ፣ ምክንያቱም ቆጣሪዎቹን ወደ ፈለጉት ሰዓት አዙረው ጉዳዩን ጨረሱ ማለት ነው፣ ቀኑ መቼ ይቀየራል የሚል ጥያቄ አይኖርም። ነርሶች የልብ ምት ሲቆጥሩ ሰከንድ ቆጣሪውን መከተል ከቁጥር ይልቅ ይቀላል ይላሉ። ነገር ግን ባትሪው 2 ዓመት ገደማ ብቻ ይሠራል፤ ይህም ማለት በ7 ዓመት ውስጥ ክዳኑ ሦስት ጊዜ ያህል ይከፈታል። ውሃ መቋቋሙ እንደ ኤፍ-91 ደብልዩ ሁሉ ለካፊያና ለእጅ መታጠብ የተወሰነ ስለሆነ፣ በተከፈተ ቁጥር ከዚያም እያነሰ ይሄዳል። ቆጣሪ ያላቸው ሰዓቶች ሁሉ የሚጋሩት አንድ በር ደግሞ አለ፤ የመሙያው ቁልፍ ነው። ሰዓት ሞልተው ቁልፉን እስከ መጨረሻው ሳይገፉ ከታጠቡ፣ 100 ሜትር የተባለውም ቢሆን ውሃ ይገባበታል።

ደብልዩ-800 ኤች ውሃን በተመለከተ ከሁለቱም የተሻለ ነው። 100 ሜትር የተጻፈበት ሲሆን የባትሪው ዕድሜ 10 ዓመት ተብሎ ተገምቷል፤ ከላይ ባነሣኋቸው ሚዛኖች ሲታይ ከአራቱ መካከል ክዳኑ ከሁሉም ዘግይቶ የሚከፈት የባትሪ ሰዓት እርሱ ነው። ስፋቱ 36.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከፊት ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ችግሩ ውፍረቱ ነው፤ 13.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር አይገባም፣ ይልቁንም እጅጌውን ይይዘዋል። ለመኪና አጣቢ፣ ለግንበኛ፣ ለአትክልት ውሃ አጠጪ፣ በሐይቅ ለሚዋኝ ወጣት፣ ልብስ በእጅ ለምታጥብ እናት ይህ ውፍረት የሚያስከፋ አይደለም፤ ለቢሮ ሠራተኛና ለመምህር ግን ይከብዳል። ሁለት የተለያዩ ሰዓቶችን መያዙም ሊመሰገን ይገባል፤ አንዱን በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላውን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሞልቶ በአንድ ቁልፍ ማየት ይቻላል። ልጁ ወይም እህቱ በዓረብ አገር ለምትሠራ የወሎ ቤተሰብ ይህ ይጠቅማል፤ ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ስላሉ ልዩነቱ የአቆጣጠር የ6 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ዱባይ ግን በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች።

ሲቲዝን ቢ ኤም 8180 የተለየ መንገድ የተከተለ ሰዓት ነው። ስፋቱ 37 ሚሊ ሜትር፣ አካሉ የማይዝግ ብረት፣ ውሃ መቋቋሙ 100 ሜትር ነው። ባትሪው እንዲለወጥ ተብሎ አልተሠራም፤ በፊቱ በኩል የሚያልፍ ብርሃን፣ የፀሐይም ሆነ የመብራት፣ ውስጡ ያለውን ማጠራቀሚያ ይሞላዋል፣ አንዴ ከሞላም በጨለማ እስከ 6 ወር ድረስ ሊሠራ ይችላል። ሲቲዝን በብርሃን የሚሠራ ባለ ቆጣሪ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ስለዚህ አሠራሩ ትናንት የተጀመረ ሙከራ አይደለም። የኋላ ክዳኑ ለብዙ ዓመታት ሳይከፈት ስለሚቆይ ቁጥሩ የሚናገረውን ውሃ የመቋቋም አቅም ከሌሎቹ በተሻለ ጠብቆ ያቆየዋል። ቆጣሪዎቹና ቁጥሮቹ በጨለማ የሚያበራ ቀለም ስለተቀቡ መብራት በጠፋበት ሌሊትም ይነበባሉ።

ሁለት ነገሮች ግን አይስማሙኝም። አንደኛው ከፋብሪካው ጋር የሚመጣው የሸራ ማሰሪያ ነው፤ ሸራ ውሃ ይጠጣል፣ በደሴ የክረምት ቅዝቃዜም በቶሎ አይደርቅም፣ ውሎ አድሮም ይሸታል። ለውዱእና ለልብስ አጠባ የሚገዛው ሰው የሸራውን ማሰሪያ በመጀመሪያው ቀን አውጥቶ 18 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የጎማ፣ የናይለን ወይም የብረት ማሰሪያ ቢያስገባ ይሻለዋል፤ ልኩ የተለመደ ስለሆነ በየሱቁ ይገኛል። ሁለተኛው፣ በክረምት ወራት ከሹራብና ከጋቢ ሥር ተሸፍኖ የሚውል ከሆነ ብርሃን ያጣል፤ ማታ ሲያወልቁት በሣጥን ውስጥ ከመክተት ይልቅ ጠዋት ብርሃን በሚያገኝ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የኮምቦልቻ ሰው በዚህ በኩል ከደሴ ሰው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ፀሐይ አያጣም፣ እጅጌውንም ሰብስቦ ነው የሚውለው። ዋጋው ከካሲዮዎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ገንዘቡ ላለው ግን ከአራቱ የምመርጠው ይህን ነው። ገንዘቡ ለሌለው ኤፍ-91 ደብልዩ እውነተኛው እስከሆነ ድረስ ያለ ሥጋት ይግዛ፤ እጁ ከውሃ የማይወጣ ሠራተኛ ደግሞ ውፍረቱን ችሎ ደብልዩ-800 ኤችን ይውሰድ። ኤም ኪው-24ን የምመክረው ከውሃ ጋር ብዙ ለማይገናኝና ቁጥር በግልጽ ማንበብ ለሚሻ ሽማግሌ ወይም ለተማሪ ነው።

ከዘመድ የተወረሰ ወይም ከዓረብ አገር በስጦታ የመጣ ያገለገለ ሰዓት ያለው ሰው፣ ለምሳሌ በአባቶች እጅ ላይ በብዛት የሚታየውን ሴይኮ 5፣ ውሃ ይቋቋማል የሚለውን ጽሑፍ አይቶ አይተማመን። በውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ሊደርቅና ሊሰነጣጠቅ የሚችልበት ዕድሜ ላይ ደርሶ ይሆናል፤ እስኪፈተሽ ድረስ ውሃ እንደማይችል አድርጎ መያዝ ነው የሚሻለው።

ወደ ውስጥ እርጥበት መግባቱን ለማወቅ የሚያስችል ቀላል ዘዴ አለ። ሰዓቱን ለብ እስኪል ድረስ፣ እጅን በማያቃጥል መጠን፣ በፀሐይ መስኮት ላይ ያቆዩት፤ ከዚያም አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ በመስታወቱ መሃል ላይ ያድርጉና ጥቂት ቆይተው በጨርቅ ይጥረጉት። ጠብታው ከነበረበት ቦታ ሥር፣ ከመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጉም ከታየ ውስጡ እርጥበት አለ ማለት ነው። የደሴ ብርድ ይህንኑ ፈተና አንዳንዴ ሳይጠየቅ ያደርገዋል፤ ሞቅ ካለ ቤት ወጥተው በጠዋት ወደ ሸዋ በር ወይም ወደ ሆጤ ሲሄዱ መስታወቱ ከውስጥ ከደበዘዘ፣ ያን ቀን ሳያልፍ ሰዓቱን ወደ ጠጋኝ መውሰድ ይገባል። በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅም ሆነ በሩዝ ውስጥ መቅበር እርጥበቱን አያወጣውም፤ ክዳኑ ተከፍቶ እንዲደርቅ መደረግ አለበት፣ ምክንያቱም ዝገቱ በቀናት ውስጥ ይጀምራልና።

ባትሪ ለማስለወጥ ሲሄዱ ከሥራው አጠገብ ቆመው ይመልከቱ። ክዳኑ እንደተከፈተ ቀጭኑ ጥቁር የጎማ ቀለበት ይታያል፤ ከጉድጓዱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከተንከባለለ፣ ከተጠማዘዘ ወይም ጸጉርና አቧራ ይዞ ተመልሶ ከተቀመጠ ሰዓቱ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ውሃ የሚያስገባ ሆኗል። አንድ ጊዜ ባትሪ ያስለወጥኩበት ቦታ ቀለበቱ ተቆርጦ በሁለት ብሎን ብቻ ሲዘጋ አይቻለሁ፤ ሰዓቱ ሠራ፣ መጀመሪያ ያገኘው ዝናብ ግን ገባበት። ስለዚህ ጠጋኙ ቀለበቱን በንጹሕ ጨርቅ እንዲጠርግ፣ ደርቆ ከሆነ በአዲስ እንዲተካ፣ ካለውም ጥቂት የሲሊኮን ቅባት እንዲቀባው፣ አራቱንም ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂት እንዲያጠብቅ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። ጥሩ ጠጋኝ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም። በከተማችን በዞርኩባቸው የሰዓት መጠገኛ ቦታዎች የውሃ ግፊት መፈተሻ መሣሪያ አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ 100 ሜትር የነበረ ሰዓት አንዴ ከተከፈተ በኋላ ለዝናብና ለእጅ መታጠብ ብቻ እንደሚያገለግል ቆጥሮ መያዝ፣ ከላይ የጠቀስኩትን የጠብታ ፈተናም ከሁለት ሳምንት በኋላ ማድረግ ያስፈልጋል።